«ወጪ»፣ «ትርፍ» እና «ስልት»፤ በንግድ ሥራ አመራር ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የንግድ ሥራ ኢኮኖሚክስ መግቢያዎችና የሥራ አመራር ማሠልጠኛ ጽሑፎች በአማርኛ መዘጋጀታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነጋዴውም ሆነ የማኅበር አባሉ ስለ ገዛ ሥራው በገዛ ቋንቋው ማንበብ ይገባዋል። ይሁን እንጂ የጽሑፎቹ ቃላት ሲመረመሩ፣ አንዱ ቃል የብዙ ጽንሰ ሐሳቦች ሸክም ተጭኖበት ይገኛል። የዚህ ሂስ ዓላማ ተርጓሚዎችን መውቀስ አይደለም፤ ቃሉ በተምታታ ቁጥር ሒሳቡም፣ ውሳኔውም እንደሚምታታ ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ «ወጪ»ን እንመልከት። ቃሉ «ወጣ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን ከእጅ የሚወጣውን ገንዘብ ሁሉ ያመለክታል። ሸቀጥን ወደ ውጭ አገር መሸጥም «የወጪ ንግድ» ስለሚባል፣ «የወጪ ንግድ ወጪ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው ሁለቱን የሚለየው በዐውድ ብቻ ነው። «ገቢ»ም እንዲሁ ነው፤ የገቢ ንግድ፣ የገቢ ግብር፣ የሽያጭ ገቢ እያልን በአንድ ቃል ሦስት ነገሮችን እንጠራለን። ይህ ግን ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ ችግር፣ ከእጅ ያልወጣ ነገርም በኢኮኖሚክስ ወጪ ሆኖ ሊቆጠር መቻሉን ቃሉ መሸፈኑ ነው።

አንድ ሰው በራሱ ቤት ዳቦ ቤት ከፈተ እንበል። በወር የ60,000 ብር ዳቦ ይሸጣል፤ ለዱቄት፣ ለመብራትና ለሠራተኛ 48,000 ብር ይከፍላል። በመዝገቡ 12,000 ብር ስለሚተርፈው አተረፍኩ ይላል። ነገር ግን ቤቱን ቢያከራይ 9,000 ብር፣ እርሱም ተቀጥሮ ቢሠራ 8,000 ብር ያገኝ ኖሯል። በድምሩ 17,000 ብር ቀርቶበታል ማለት ነው። በሒሳብ መዝገብ 12,000 ብር ያተረፈው ሰው፣ በኢኮኖሚክስ ስሌት 5,000 ብር ከስሯል። «ወጪ ማለት የተከፈለ ገንዘብ ነው» ብሎ የሚያስተምር መጽሐፍ ይህን ሰው አያድነውም።

የዚህ ጽንሰ ሐሳብ የእንግሊዝኛ ስያሜ ቃል በቃል ቢመለስ «የዕድል ወጪ» ይሆናል። «ዕድል» ግን በአማርኛ በቅድሚያ እጣ ፈንታን ያሳስባል፤ ተማሪውም ነገሩ ስለ መታደልና አለመታደል የሚናገር ይመስለዋል። ጉዳዩ የምርጫ እንጂ የዕጣ አይደለም። ስለዚህ «የቀረ ጥቅም» የሚለውን እናቀርባለን። አንዱን መርጦ ሌላውን የተወ ሰው «ያኛው ቀረብኝ» ማለቱ የታወቀ ነው፤ ቃሉን መፍጠር ሳያስፈልግ ከአንደበቱ መውሰድ ይበቃል።

«ትርፍ»ም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። «ትርፍ ሰዓት» ስንል ከመደበኛው ያለፈውን፣ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» ሲባልም ባለቤቱ እንዲይዝ ከተፈቀደለት በላይ ያለውን ማለት ነበር። ከዚህ የተነሣ ቃሉ «ከሚያስፈልገው በላይ» የሚል ጥላ ይከተለዋል። ለድርጅት ግን ትርፍ ሁልጊዜ የተረፈ ነገር አይደለም፤ ባለሀብቱ በሥራው እንዲቆይ የሚያደርገው መጠን ለሕልውናው የግድ ነው። ስለሆነም የመግቢያ መጻሕፍት «የሒሳብ ትርፍ»ንና «የኢኮኖሚ ትርፍ»ን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረው ሊለዩ ይገባል። ነጋዴው ራሱ በዚህ ረገድ ከመጻሕፍቱ ይልቃል፤ መነሻ ገንዘቡን «ዋና» ይለዋል፣ ያ ሲነካበትም «ዋናውን በላሁ» ይላል። ይህን የመሰለ ግልጽ አነጋገር ከመጻሕፍቱ ገጾች መጥፋቱ ያሳዝናል።

ሦስተኛው ቃል «ስልት» ነው። «ስትራቴጂ» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መሠረቱ የጦር አዝማችነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አልፍሬድ ቻንድለር የድርጅትን ስትራቴጂ ሲተነትን፣ የረጅም ጊዜ ግብን መወሰንን፣ የሥራ አቅጣጫን መምረጥንና ሀብትን መደልደልን አንድ ላይ አያይዟል። ማይክል ፖርተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድን ሥራ ከተፎካካሪ በተሻለ ቅልጥፍና መሥራት ብቻውን ስትራቴጂ እንዳልሆነ፣ የስትራቴጂ ፍሬ ነገር የማይሠራውን መምረጥ እንደሆነ ተከራክሯል። አማርኛው «ስልት» ግን «የማስተማር ስልት»፣ «የአሠራር ስልት» እንደምንለው ዘዴን የሚያመለክት ነው። «ስልታዊ ዕቅድ» የተባለው ሰነድ የዘዴዎችና የመልካም ምኞቶች ዝርዝር ሆኖ ሲቀር፣ ጥፋቱ በከፊል የስሙ ነው። «ስልት» ለታክቲክና ለዘዴ ይቆይ፤ «ስትራቴጂ» በውሰት ይጽና እንላለን።

ስም ሐሳብን ሊገለብጥ እንደሚችል ሌላ ማስረጃ አለ። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት የምዘና ዘዴ፣ ድርጅት በገንዘብ ውጤት ብቻ እንዳይለካ፣ የደንበኛ፣ የውስጥ አሠራርና የመማማር ዕይታዎችም እንዲመዘኑ የሚጠይቅ ነው። በስሙ ውስጥ ዋናው ቃል «ሚዛናዊ» የሚለው ነበር። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ግን «ውጤት ተኮር» ተብሎ ተለምዷል። ሚዛኑ ከስሙ ሲወጣ፣ የቀረው ደራሲዎቹ ብቻውን እንዳይታይ ያስጠነቀቁበት ውጤት ነው።

«የውሰት ቃል ያልተማረውን ያርቃል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተገቢም ነው። ለማሽንና ለሕንፃ በጊዜ ብዛት መድከም የተሰጠው «የእርጅና ቅናሽ» የተባለው ስያሜ አገርኛ ቃል ምን ያህል ሊያበራ እንደሚችል ያሳያል። በአንጻሩ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 285 የተደነገገው «ተጨማሪ እሴት ታክስ» በጽሑፍ ቢጸናም፣ በገበያ የሚሰማው «ቫት» ነው። እንግዲህ መመዘኛው የቃሉ ዘር ሳይሆን ሰሚውን ወደ ትክክለኛው ሐሳብ ማድረሱ ሊሆን ይገባል።

በዚህ መሠረት «የቀረ ጥቅም»፣ «የሒሳብ ትርፍ»፣ «የኢኮኖሚ ትርፍ»፣ «ዋና» እና «ስትራቴጂ» ለውይይት ቀርበዋል። የተሻለ ያለው አንባቢ ያቅርብ፤ ነገር ግን ቃሉን ከመላኩ በፊት ለአንድ ባለ ሱቅ ተናግሮ ምን እንደተረዳ ይጠይቀው።