ስህተቱን አስቀድሞ የሚያሳይ መመሪያ

አርቦዬ ከተማ ላይ መብራት መሄዱን ቀድሞ የሚናገረው ወፍጮ ነው፤ ድምፁ ይጠፋል። ሰርቨር ለሚጠብቅ ሰው ግን ዝምታው ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ አንዱ ማሽን ሲወድቅ ሥራውን ሌላው እንዲረከብ ምን ይደረግ? ፔስሜከርና ኮሮሲንክ የተባሉት ነጻ ሶፍትዌሮች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። መመሪያቸውን ማግኘቱ ግን ያደክማል። አንዱ ጽሑፍ ለሬድ ሃት ወይም ለሱሴ ምርት የተዘጋጀ ነው፤ ሌላው ኮሮሲንክ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ከመሆኑ በፊት የነበረውን፣ ኸርትቢት የተባለው የቀድሞ ሶፍትዌር ዘመን አሠራር ያስተምራል።

ከእነዚህ ምርቶች ውጭ ሶፍትዌሩን ለብቻው ለያዘ ሰው ልብ የሚያሳርፈው የፔስሜከር ሠሪዎች ማኅበረሰብ የክላስተርላብስ «ክላስተርስ ፍሮም ስክራች» ነው። አንድሩ ቢክሆፍ የጀመረው መጽሐፍ ነው። ሁለት ማሽን ብቻ ያቆምና 192.168.122.120 የሚል አንድ አድራሻ ያጋራቸዋል፤ አድራሻው በሕይወት መኖሩም በየ30 ሰከንዱ ይፈተሻል። አንዱን ማሽን አስቁሞ አድራሻው ወደ ሌላው ሲሻገር ካሳየ በኋላ ነው የድር አገልጋዩን አፓቼንና መረጃን በሁለቱ ማሽኖች ላይ የሚያባዛውን ዲአርቢዲን የሚጨምረው። እያንዳንዱ እርምጃ በቀደመው ላይ ይቆማል።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ገና ምንም አገልግሎት ሳይጨመር መጽሐፉ አወቃቀሩን አስፈትሾ ስህተት ያሳየናል። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ይደብቀው ነበር። ይሄኛው የስህተቱን መልእክት እንዳለ ያትምና ምክንያቱን ይነግረናል፦ ስቶኒዝ አልተዘጋጀም። ስቶኒዝ መልስ የማይሰጠውን ማሽን ኃይሉን ቆርጦ ከጨዋታ የማስወጣት ዘዴ ነው። ጭካኔ የሚመስለው ነገር ጥንቃቄ ነው። አንድ ጎተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች መደማመጥ ቢያቅታቸውና እያንዳንዱ «ጓደኛዬ ሞቷል» ብሎ በራሱ መዝገብ ስንዴ ቢያስገባና ቢያስወጣ፣ በማግስቱ የትኛው መዝገብ ይታመናል? የሁለት ሰርቨሮች መረጃም የሚበላሸው እንዲሁ ነው።

መጽሐፉ ለተማሪው ሲል ስቶኒዝን ለጊዜው ያጠፋዋል። እዚያው፣ ከትእዛዙ ሥር፣ ይህ ለእውነተኛ ሥራ ፈጽሞ እንደማይገባ ያስጠነቅቃል፤ ክላስተሩ፣ ማለትም አብረው የሚሠሩት ማሽኖች ስብስብ፣ የወደቀው ማሽን በደህና ጠፍቷል ብሎ እንዲያስመስል ማድረግ መሆኑን ይነግረዋል። በኋላም ስቶኒዝን የሚመልስ ሙሉ ምዕራፍ አለው። ማስጠንቀቂያውን መጨረሻ ላይ ከማከማቸት ይልቅ እጅ በሚሳሳትበት ቦታ ማኖር የጥሩ ባለሙያ ሥራ ነው።

የመጽሐፉ የክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ መተርጎምን ይፈቅዳል። ሙያውን የምታውቁ፣ ቢያንስ የስቶኒዝን ምዕራፍ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ እንመልሰው።