«እስማማለሁ» የሚል መልስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ውይይት

በኢንተርኔት በሚሰጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ተማሪው ከመምህሩና ከጓደኞቹ ጋር ፊት ለፊት ስለማይገናኝ የክፍሉ ክርክር በጽሑፍ ይካሄዳል። መምህሩ ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪው በሚመቸው ሰዓት መልሱን ጽፎ በውይይቱ ገጽ ላይ ያኖራል፤ ቀጥሎም የሁለት ወይም የሦስት ጓደኞቹን ጽሑፍ አንብቦ አስተያየት እንዲሰጥ ይታዘዛል። ይህን የፈጸመ ሁሉ «ተሳትፏል» ተብሎ ማርኩን ይቀበላል። በአገራችንም ዩኒቨርሲቲዎች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የገጽ ለገጽ ትምህርት ካቋረጡበት ጊዜ ወዲህ ይህ ዐይነቱ አሠራር እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። እኛ ልንመረምር የፈለግነው «ተሳትፏል» የሚለው ቃል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ነው። ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሳለን ስለ ድኅረ ምረቃ መናገራችን ድፍረት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አንከራከረውም፤ ነገር ግን ነገ የምንገባበትን ቤት ዛሬ በመስኮት ብናይ ነውር አይመስለንም።

ለዚህ ያነሣሣን ነገር አለ። ታላቅ ወንድማችን ሥራውን ሳይለቅ ሁለተኛ ዲግሪውን በዚህ መንገድ ይማራል። አንድ እሑድ ማታ የሳምንቱ ውይይት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው አጠገቡ ተቀምጠን ነበር። ከጓደኞቹ አንዲቱ በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሴት ስትሆን፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ አቅርባለች። በቤታቸው የሚወልዱ እናቶች በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ እንደማይገኙ ገልጣ፣ ሪፖርት ስትጽፍ መዝገቡን ትመን ወይስ እናቶቹ በቃል የሚነግሯትን ብላ ጓደኞቿን ትጠይቃለች። ወንድማችን አነበበና አለፋት። ከዚያም ሁለት አጫጭር ጽሑፎች መርጦ በያንዳንዳቸው ሥር «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እስማማለሁ» የሚል ቃል አኖረ። «ጋሼ፣ የሴትዮዋስ?» ብንለው፣ «የርሷን ለመመለስ ማሰብ ያስፈልጋል፤ አሁን ደግሞ ሰዓቱ ደርሷል» አለን። በሚቀጥለው ሳምንት ብንመለከት ሴትዮዋም እንደ ሌሎቹ አራት መሥመር ጽፋ፣ ሁለት ጊዜ ተስማምታ ወጥታለች።

ስለዚህ ዐይነቱ ውይይት ከተጻፉት ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ራንዲ ጋሪሰን፣ ቴሪ አንደርሰንና ዎልተር አርቸር የተባሉ ሦስት ምሁራን በካናዳ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረቡት ንድፍ ነው። በንድፉ መሠረት ክፍሉ የጠያቂዎች ማኅበር ይሆን ዘንድ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ተማሪው እንደ ሰው ለጓደኞቹ መታየቱ፣ በሐሳብ መገኘቱ፣ መምህሩም በመምህርነት መገኘቱ ነው። በሐሳብ መገኘትን ከጆን ዱዊ ትምህርት ተነሥተው በአራት ደረጃ ከፈሉት፤ ጥያቄ ይነሣል፣ ይፈተሻል፣ ሐሳቦች ይያያዛሉ፣ በመጨረሻም መፍትሔ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ጽሑፍ በዚሁ ሚዛን ሲመዝኑ፣ ከመቶው 42 እጅ በፍተሻው ደረጃ ላይ የቆመ ሆኖ ተገኘ። ሐሳብን ከሐሳብ ያያያዘው 13 እጅ ብቻ ሲሆን፣ ከመፍትሔ የደረሰው 4 እጅ ነበር። 33 እጁ ከአራቱ ከአንዱም አልገባም። የተመዘነው ጽሑፍ እጅግ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ደራሲዎቹ ለንድፋቸው የማይመች ውጤት ሳይደብቁ ማውጣታቸው ያስመሰግናቸዋል።

የኛ ነቀፌታ ግን በሚዛኑ ላይ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የጓደኛውን ቃል ጠቅሶ ምክንያት እየሰጠ የሚስማማ ተማሪ በሦስተኛው ደረጃ ይቀመጣል። ያለ ማስረጃ የሚቃወም በሁለተኛው ይቀራል። ማስረጃ ይዞ የሚቃወመውስ ወዴት ይቀመጥ? ለርሱ በስሙ የተዘጋጀ ወንበር አላየንም። ይህ እንደኛ ላለ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ታላቅን መቃወም እንደ ብልግና በሚቈጠርበት አገር ያደገ ተማሪ፣ ሚዛኑም መስማማትን የሚያከብር ከሆነ፣ ምን ብሎ ይቃወማል? «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለም? በኢንተርኔት ትምህርት ግን ዝምታ ማርክ ስለሚያስቀንስ፣ ዝም ማለት የሚወደው ሰው «እስማማለሁ» ብሎ ይጽፋል። ይህ በጽሑፍ የተገለጠ ዝምታ ነው።

እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓርብ ማታ የክርክር ማኅበር ነበረ። ደንቡ ተቃዋሚው ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ በራሱ አፍ እንዲደግም፣ ባላጋራውም «አዎን፣ ያልሁት ይህን ነው» እንዲል ያዝዝ ነበር። ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር፤ ያልተባለውን ስንቃወም እንደ ቆየን ይገለጥልን ነበርና። ይህን የመሰለ ደንብ በኢንተርኔት ውይይት ላይ ቢገባ የሚከለክል ነገር አይታየንም።

ሊያም ሩርክና ሄዘር ካኑካ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ሂስ ከኛ ይልቅ የበረታ ነው። ሩርክ ቀድሞ ከሦስቱ ምሁራን ጋር አብሮ የጻፈ ሰው ስለ ሆነ ከጠላትነት የመጣ ነው ለማለት አይቻልም። ከ2000 እስከ 2008 ንድፉን የጠቀሱ 252 ጽሑፎች ሰብስበው ቢያዩ፣ ተማሪው ምን ያህል እንደ ተማረ ለማወቅ የሞከሩት አምስት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ እነርሱም ቢሆኑ የጠየቁት የተማሪውን የራሱን ግምት ነው። የንድፉ ወገኖች ንድፉ የትምህርቱን አካሄድ እንጂ ውጤቱን ለመለካት አልተሠራም ሲሉ መለሱ። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን መምህሩ በየሳምንቱ የሚሰጠውን ማርክ ከየት እንደሚያመጣው አይነግረንም።

ደግሞም ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ትእዛዙን አሟልቶ የሚገኝ ጽሑፍ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይፈጃል። ምክንያት የተሰጠበት ስምምነት እንኳ ሊያዙት ይቻላል። ሰዎች በዚህ ተቈጥተው ተማሪውን ሲያወግዙ እንሰማለን። እኛ ግን መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ወንድማችን በገዛ እጁ የጻፈው መልስ ከዚህ ምን ያህል ይሻል እንደ ነበር እንጠይቃለን።

ስለዚህ አስተያየታችን፣ መምህሩ የመልእክቱን ቍጥር ትቶ ጥያቄ ያነሣ ተማሪ መልስ ማግኘቱን ይመልከት የሚል ነው። በየሳምንቱ ከክፍሉ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ተመርጦ ለሁሉም ይሰጥ፤ ውይይቱም እሑድ ማታ አይዘጋ። ብዙ ተማሪ ያለበት መምህር ይህን ሁሉ ማንበብ እንደሚከብደው እናውቃለን፤ ለዚህ ያገኘነው መላ የክፍሉን ቍጥር ከማሳነስ በቀር ሌላ አይደለም፤ ይህም ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። የጤና ጣቢያዋ ሴት ላቀረበችው ጥያቄ፣ ይህን ጽሑፍ እስከምናቀርብ ድረስ ከክፍሉ አንድም ሰው እንዳልመለሰላት ከወንድማችን ጠይቀን ተረድተናል።