የሙሴ ጸሊም ሸክም፦ በቅዱሳን ታሪክ ውስጥ ስላለው የመለወጥ አተራረክ

ስለ ገድላትና ስለ ስንክሳር የሚቀርቡ የተማሪዎች ጽሑፎችን ሳነብ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም የቅዱሳን ታሪክ ገጸ ባሕርያት አያድጉም፤ ወይ ከማኅፀን ጀምረው ቅዱሳን ናቸው፣ ወይም በአንድ ሌሊት ራእይ ሌላ ሰው ሆነው ያድራሉ የሚል ነው። ከዚህ በመነሣትም የሰውን ውስጣዊ ለውጥ የሚተርክ ጽሑፍ ወደ እኛ የመጣው ከዘመናዊው ልቦለድ ጋር ነው ወደሚል መደምደሚያ ይደረሳል። ፍርዱ ከነጭራሹ መሠረት የለውም አልልም፤ ለብዙ ገድላት ይሠራል። ሰኔ 24 ቀን በሚነበበው በሙሴ ጸሊም ታሪክ ፊት ግን የሚጸና አይመስለኝም።

አስቀድመን ፍርዱ የሚሠራበትን ቦታ እንይ። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ሕፃኑ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሥላሴን ያመሰግናል። ስለዚህ ኋላ ወጣቱ ፍሥሐ ጽዮን ለአደን በወጣበት ጌታ ሲገለጥለት የሚለወጠው ልቡ ሳይሆን ሥራው ነው። አራዊት ማደኑ ቀርቶ ነፍሳትን እንዲያጠምድ ይታዘዛል፤ ስሙም ተክለ ሃይማኖት ይባላል። ይህ ጥሪ ነው እንጂ ከክፋት መመለስ አይደለም። በአንጻሩ የሳውል ታሪክ በእርግጥ የመመለስ ታሪክ ነው፤ በሐዋርያት ሥራም ሦስት ጊዜ (በምዕራፍ 9፣ 22 እና 26) ይተረካል። በሦስቱም ቦታ የትረካው ክብደት ያረፈው በዚያች ቅጽበት ላይ፣ በብርሃኑና በድምፁ ላይ ነው። (በነገራችን ላይ ሳውል በደማስቆ መንገድ ‹‹ጳውሎስ›› ተባለ የሚለው የተለመደ አባባል በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ሁለተኛው ስም ብቅ የሚለው በምዕራፍ 13 ቆጵሮስ ላይ ነው፣ ያውም ያለ አንዳች ሥነ ሥርዓት።)

የሙሴ ስም ግን አይለወጥም። ሽፍታ ሳለ ሙሴ ነው፤ መነኩሴም ሆኖ ሙሴ ነው። ‹‹ጸሊም›› የሚለው ቅጽልም እስከ መጨረሻው አይለየውም።

ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ፣ ባሪያ የነበረ፣ በሌብነቱ ከጌታው ቤት የተባረረና የወንበዴዎች አለቃ የሆነ ሰው ነው። ጽሑፎቹ ኢትዮጵያዊ ይሉታል። የዘመኑ የግሪክ ቃል ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስለሚያጠቃልል የትውልድ መንደሩን ፍለጋ አልደክምም። ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ የጻፈው ጳላድዮስ፣ ይህ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር እንዴት እንደተገናኘ ለመናገር ምንም ችኮላ የለበትም። ዘግይቶ በአንድ አጋጣሚ ልቡ ተነክቶ ወደ ገዳም ገባ ይልና ያልፋል። አጋጣሚው ምን እንደነበር አይነግረንም። ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ስንክሳር ክፍተቱን ይሞላዋል። በስንክሳር ሙሴ ፀሐይን የሚያመልክ ሰው ነው። አንድ ቀን ወደ ፀሐይ አንጋጦ አምላክ ከሆንሽ ንገሪኝ ይላታል፤ የማላውቅህ አምላክ ሆይ ራስህን አሳውቀኝ ብሎም ይለምናል። መልሱ መብረቅ ወይም ራእይ አይደለም፤ በአስቄጥስ በረሃ ወደሚኖሩት መነኮሳት ሂድ የሚል ነው። አድራሻ ተሰጠው ቢባል ይቀላል። ሄዶም አባ ኤስድሮስን ያገኛል፣ እሱም ወደ አባ መቃርስ ያደርሰዋል። የመገናኘቱ ትዕይንት በዚሁ ያበቃል፤ ታሪኩ ግን ገና መጀመሩ ነው። ተማሪዎቻችን የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለውጡን በመገናኘቱ ትዕይንት ውስጥ ይፈልጉታል፤ እዚያ ሲያጡት የለም ይላሉ።

ለውጡን ማየት የሚፈልግ የሙሴን ጫንቃ ይከተል። ጳላድዮስ ከሽፍትነቱ ዘመን የመረጠልን አንድ ታሪክ አለ። ሙሴ የተቀየመውን እረኛ ሊገድል ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዓባይን በዋና ይሻገራል። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲያመልጠው አራት ሙክቶች አርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ እየጎተተ በዋና ይመለሳል። ከመነኮሰ በኋላ ደግሞ ማንነቱን ያላወቁ አራት ወንበዴዎች በዓቱን ይደፍራሉ። አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ስልቻ ይሸከምና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ፣ እኔ ማንንም ልጎዳ አይገባኝም፣ ምን ላድርጋቸው ብሎ ወንድሞችን ይጠይቃል። አራት ሙክት፣ አራት ወንበዴ፤ ያው ገመድ፣ ያው ጉልበት። ጳላድዮስ ቁጥሮቹን ሆነ ብሎ አስተካክሏቸው እንደሆነ አከራካሪ ነው፤ አንባቢ ግን ሁለቱን ትዕይንቶች ሳያነጻጽር ማለፍ አይችልም። የተለወጠው የሰውዬው ኃይል ሳይሆን ኃይሉ የሚውልበት ነገር ነው። ‹‹ምን ላድርጋቸው?›› የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከማንም ፈቃድ ጠይቆ ከማያውቅ ሽፍታ አንደበት ሲወጣ ከብዙ ገጽ የኅሊና ትረካ ይበልጣል።

ለውጡ ግን ቀላል አልነበረም። የቀድሞ ምኞቱ እየተመለሰ ያሠቃየዋል፤ ጾምና ትጋህ አልበቃ ሲለው ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ለሽማግሌዎቹ መነኮሳት ከሩቅ ጉድጓድ ውኃ እየቀዳ እንስራቸውን ይሞላል። ከዕለታት አንድ ቀን ጋኔን በዱላ መትቶት ለዓመት ያህል ታሞ ይተኛል። በሌላ ጊዜ፣ የበረሃ አባቶች ንግግር ስብስብ እንደሚለው፣ በአንድ በደለኛ ወንድም ላይ ሊፈረድ ጉባኤ ሲጠራ ሙሴ የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው አዝሎ ይደርሳል። ምንድን ነው ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ የሚል ትርጉም ያለው መልስ ይሰጣል። ይህ ሰው ኃጢአቴ ተወገደ አይልም፤ ይዞት ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ቅስና ሊሾሙት ሲሉ ሽማግሌዎቹ ትዕግሥቱን ለመፈተን ይህን ጥቁር ማን አመጣው ብለው ያባርሩታል፤ እሱም ራሱን እየወቀሰ ይወጣል። ኋላ ሲሾም ሙሴ ሆይ አሁን ሁለንተናህ ነጭ ሆነ ይባላል። ጥቁረትን ከኃጢአት፣ ንጣትን ከጽድቅ ጋር ያቆራኘው ይህ ዘይቤ ከባዕድ ምንጭ የተወረሰ ነው፤ በእኛ አገር ጥቁር አንባቢ ፊት ሲነበብ ይጎረብጣል፤ ሐያሲም ‹‹ምሳሌያዊ ነው›› ብሎ ሊሸፋፍነው አይገባም። ሆኖም በአባቶች ንግግር ስብስብ ውስጥ ሙሴ ራሱ ለሙገሳው እጅ አይሰጥም። የነጣሁት በውጭ ነው፣ በውስጥስ? ዓይነት መልስ አለው። ሹመቱ ለውጡ ተፈጸመ ሲል ባለ ታሪኩ አልተፈጸመም ይላል። ከማኅፀን ጀምሮ ፍጹም የሆነ ገጸ ባሕርይ እንዲህ አይናገርም።

በመጨረሻ በርበሮች ገዳሙን ሊወሩ ሲመጡ ሙሴ መሸሽ የሚሻ ይሽሽ ይላል። እሱ ግን አይሸሽም፤ ሰይፍ የሚያነሣ በሰይፍ ይጠፋል የተባለው እንዲፈጸምበት ይህችን ቀን ለዓመታት ሲጠብቃት ኖሯል። በጥርሱ ነክሶት የዋኘው ሰይፍ በሌላ ሰው እጅ ወደ እሱ ይመጣል። አብረውት ከነበሩት ወንድሞች አንዱ ፈርቶ ከምንጣፍ ጀርባ ይሸሸጋል፤ መልአክ አክሊል ይዞ ቆሞ ባየ ጊዜ ግን ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ይሞታል። በዚህች የስንክሳር ትዕይንት ራእይ የታየው ለተሸሸገው ወንድም ነው። ለሙሴ በዚያ ሰዓት አንዳች ነገር እንደተገለጠለት ተራኪው አይነግረንም።