ቀለም የተነከረችው ጫጩት ምን ማለት ናት?

በዚህ እትም ስለ አንድ የካርቱን መጽሔት እንነጋገራለን። ተማሪዎቻችን አሮጌ ቅጂዎቹ እጃቸው በገቡ ቁጥር “ቲቸር፣ ይሄ ደግሞ ምን ለማለት ፈልጎ ነው?” እያሉ ስለሚጠይቁን ነው። መጽሔቱ “ሹጃዝ” ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ “ዌል ቶልድ ስቶሪ” በተባለ ድርጅት መታተም ጀመረ። በነጻ ነበር የሚታደለው። በዴይሊ ኔሽን ጋዜጣ ውስጥ ተጣጥፎ ይወጣ ነበር፣ በኤምፔሳ ሱቆችም ይገኝ ነበር። በ2012 ዓለም አቀፍ የዲጂታል ኤሚ ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩን በአጭሩ እንንገራችሁ። ቦዪ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ የናይሮቢ ልጅ ነው። በመኝታ ክፍሉ የራሱን ሬዲዮ ጣቢያ ያቋቁምና “ዲጄ ቢ” በሚል ስም በድብቅ ያሰራጫል። ሰው ሁሉ ያደምጠዋል፣ ማን እንደሆነ ግን ሰፈሩ አያውቅም።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ስሙ ራሱ ነው። በስዋሂሊ ጀግና “ሹጃ” ነው፣ ብዙ ሲሆን “ማሹጃ” ይባላል። “ሹጃዝ” የሚል ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም፤ የስዋሂሊው ቃል የእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር ጅራት ተቀጥሎበታል። መጽሔቱ የተጻፈበት ሼንግ የሚሠራው እንደዚህ ነው። ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ከኪኩዩ፣ ከሉዎና ከሌሎችም ቋንቋዎች ጋር ተደባልቀው በናይሮቢ ሰፈሮች ያደገ የወጣት አነጋገር ነው። በትምህርት ቤት ስዋሂሊ ጎበዝ የሆነ ተማሪ ሹጃዝን ሲያነብ ግራ ቢገባው አይገርምም። ለእኛ ግን እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። “ቲቸሮች መጡ” ስንል እኛስ ምን እያደረግን ነው? የአዲስ አበባ ልጅ “ጀለሴ” ሲል፣ “ሼባው” ሲል ከገጠር የመጣው ተማሪ እንደሚደናገረው ሁሉ ማለት ነው። ቃሉን ያልያዘ “ፋራ” ይባላል። ስለዚህ ሼንግ የሚያውቅ አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ካለ፣ ለዚያ ቀን አስተማሪው እሱ ይሁን።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ “ቦዪ በእውነት አለ ወይ?” የሚል ነው። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የዲጄ ቢ ፕሮግራም በእውነተኛ የኬንያ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ይተላለፍ ነበር፣ ወጣቶችም በስልክ መልእክትና በፌስቡክ ይጽፉለት ነበር። በሥዕሉ ውስጥ ሰዎች ሬዲዮ ከፍተው ቦዪን ያዳምጣሉ። አንባቢውም ሬዲዮውን ሲከፍት ያንኑ ድምፅ ይሰማል። በዚህ መንገድ አንባቢው ራሱ ከታሪኩ ሰዎች አንዱ ሆነ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የመጽሔቱ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

ሦስተኛው ተማሪዎቻችንን ከሁሉ በላይ ያከራከረው ነው። በአንዱ ታሪክ ውስጥ ደማቅ ቀለም የተነከሩ ጫጩቶች አሉ። ጫጩት ደግሞ እንዲህ ያለ ቀለም የላትም። ታዲያ ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ ቀለሙ የፓርቲ ነው አለ። ሌላው ጫጩቷ ድሃው ሕዝብ፣ ጭልፊቱ ደግሞ መንግሥት ነው አለ። “ስደተኛ ናት፣ እንዳትታወቅ ተደብቃ ነው” ያለም ነበር። ይህን ስንሰማ ልባችን ተነካ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መጽሔቱ እንዳስረዳው፣ ጫጩት ቀለም ከተነከረች ጭልፊት ምግብ መሆኗን አይለይም፣ ትቶ ያልፋታል። ምስጢር የለውም፣ የዶሮ እርባታ ምክር ነው! ምክሩን ይዘው የሞከሩ አንባቢዎችም ነበሩ።

ይህ የአነባበብ ልማድ ከየት መጣ? እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። ጋዜጣን በመስመሮቹ መካከል ማንበብ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፣ በግልጽ መናገር ያስከፍል ስለነበረ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ይባላል። የካምፕ ኑሮም ጥርጣሬውን ያባብሰዋል። የኬንያ መንግሥት በ2016 ዳዳብን እዘጋለሁ ሲል፣ በ2021 ደግሞ ዳዳብና ካኩማ የሚዘጉበትን ዕቅድ በ14 ቀን ውስጥ አቅርቡ ብሎ ለዩኤንኤችሲአር ቀነ ገደብ ሲሰጥ፣ ሰው ዕጣውን ከየወሬውና ከየሥዕሉ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ወርቅ ያለበትም ሥዕል አለ። ትውልዱ ታንዛንያ የሆነው ጋዶ ከ1992 እስከ 2016 በኔሽን ጋዜጣ ካርቱን ሲሠራ ነበር። ኡሁሩ ኬንያታን እግሩ ላይ በሰንሰለት የታሰረ የብረት ኳስ ሲጎትት ይስለው ነበር። ያ ኳስ በ2007 መጨረሻ ከተካሄደው ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት ምክንያት በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የቀረበበት ክስ ነው። ክሱ በታኅሣሥ 2014 ተቋረጠ። ዜናውን የማያውቅ ተማሪ ዛሬ ሥዕሉን ቢያይ ሰውየው እስር ቤት የገባ ይመስለዋል። እንግዲህ ጫጩቷን ቅኔ ማድረግም፣ ኳሱን እንዳለ ኳስ ማድረግም ሁለቱም ያሳስታል።

መለያው ምንድን ነው? እኛ ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የሚቀጥሉት ሥዕሎች ነገሩን ራሳቸው ያብራሩታል ወይ? የጫጩቷን ያብራሩታል። ሁለተኛ፣ ያው ምልክት በተለያየ ቀን በተለያየ ሥዕል ይደጋገማል ወይ? የጋዶ ኳስ ይደጋገማል። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ በወጣበት ሰሞን አገሩ ውስጥ ምን ሆኖ ነበር? በቅኔ ወርቁ ቃሉ ውስጥ ተቀብሯል፣ በጋዜጣ ካርቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው የዚያ ሰሞን ዜና ውስጥ ነው።

ሹጃዝን ስናመሰግን እንከኑንም መናገር አለብን። አንዳንዴ ምክሩ ከታሪኩ ቀድሞ ይታያል። ገጸ ባሕርያቱ የሚያወሩ ሳይሆን ስልጠና የሚሰጡ ይመስላሉ። ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። የመጽሔቱ መንፈስ “ሥራ ከሌለህ ራስህ ፍጠር” የሚል ነው። ለናይሮቢ ልጅ ጥሩ ነው። ከካምፕ ለመውጣት መጀመሪያ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ማግኘት ያለበት ልጅ ግን ቦዪን ምን ብሎ ይከተለው? ተማሪዎቻችን ይህን ሲጠይቁ መጽሔቱን አልተረዱትም ማለት አይደለም። እንደውም በደንብ አንብበውታል።

ስለዚህ መምህራን፣ አንድ አደራ አለን። ካርቱን ክፍል ውስጥ ስታስገቡ “መልሱ ይሄ ነው” ብላችሁ አትጀምሩ። ፈተና ላይ አንድ መልስ ይበቃል፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ ተማሪ “ሥዕሉ ላይ ምን አይተህ ነው ይህን ያልከው?” ተብሎ ይጠየቅ። ጫጩቷን ስደተኛ ያላት ልጅም አይሳቅበት። ስለ ጫጩቷ የተሳሳተ ቢሆንም ስለ ራሱ እውነቱን ነግሮናል።

እናንተስ ያልገባችሁ ካርቱን አለ? ቆርጣችሁ ላኩልን፣ አብረን እንፍታው። ቸር ይግጠመን።