«ገና ነው» ስለሚባለው ሰው
(ስለ ቴሌቪዥን የፍቅር ድራማ የቀረበ ሂስ)

በእጃችን ጽፈን ከእጅ ወደ እጅ በምናዞራት በዚህች መጽሔት ውስጥ እስከ ዛሬ ስንሂስ የቆየነው ግጥምንና አጭር ልብ ወለድን ነው። ይሁን እንጂ በመጠለያችን ከመጽሐፍ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሰበስበው ቴሌቪዥን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ማታ ጄኔሬተር በሚነሣበት ሻይ ቤት ሁሉ የፍቅር ተከታታይ ድራማ አይጠፋም፤ ልጁም ዐዋቂውም ስለ ፍቅር የሚማረው ከዚያ ነው። የሚያስተምር ነገር ካለ ደግሞ ምን እንደሚያስተምር መጠየቅ የሂስ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የፍቅር ድራማ ዋና ትምህርት ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ጎዶሎ ነው፤ የሚሞላውም ጥንዱን ሲያገኝ ነው የሚል ነው። «እኔ ይህን አልፈልግም» የሚል ገጸ ባሕርይ ከመጣ ደራሲው ከሦስት ምክንያቶች አንዱን ይሰጠዋል፤ ወይ ልቡ በቀድሞ ፍቅር ተሰብሯል፥ ወይ ታሟል፥ ወይም ትክክለኛው ሰው ገና አልመጣለትም። ተመልካቹም «ገና ነው!» እያለ ይጠብቃል። ድራማውም አያሳፍረውም፤ ከመጨረሻው ክፍል በፊት ያ ሰው ይሸነፋል።

ነገር ግን ገና ያልሆነ፥ ወደፊትም የማይሆን ሰው አለ። ለወንድም ሆነ ለሴት ወሲባዊ መሳሳብ የማይሰማው ሰው ማለታችን ነው፤ በውጭው ዓለም «አሴክሹዋል» ይባላል። አንቶኒ ቦጋርት የተባለ የካናዳ የሥነ ልቦና ምሁር በ2004 ባወጣው ጥናት በብሪታንያ ከተጠየቁ ከ18 ሺሕ በላይ ሰዎች ውስጥ 1 በመቶ ያህሉ ለማንም እንዲህ ያለ ስሜት ተሰምቷቸው እንደማያውቅ መልሰዋል። በ2013 የታተመው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር መመሪያም ራሱን አሴክሹዋል ብሎ የሚያውቅ ሰው በፍላጎት ማጣት ምክንያት ብቻ ሕመምተኛ እንዳይባል ለይቶ ጽፏል።

እዚህ ላይ መምታታት የለበትም። መነኩሴ ፍላጎቱን ስለ እምነቱ የተወ ሰው ነው፤ ትቶታልና ይከበራል። ስልብ በሰው እጅ የተጎዳ ነው። የምንናገርለት ሰው ግን የተወውም የተነጠቀውም ነገር የለም። ከእነዚህም መካከል ፍቅርንና ትዳርን የሚሹ አሉ፤ መኝታውን እንጂ መዋደዱን አልጠሉም። ሁለቱንም የማይሹ ደግሞ አሉ።

እንግዲህ ቴሌቪዥን ይህን ሰው እንዴት ሣለው? «ሐውስ» በተባለው የአሜሪካ የሐኪሞች ድራማ በጥር 2012 በታየ አንድ ክፍል፥ ያለ ወሲብ ተዋደው የሚኖሩ ባልና ሚስት ቀረቡ። ዋናው ሐኪም ይህ ሊሆን አይችልም፥ ከበስተኋላው በሽታ አለ ብሎ ከባልንጀራው ጋር ይወራረዳል። ደራሲዎቹም ያስረቱታል፤ ባልየው በአንጎሉ ሥር ዕጢ ይገኝበታል፥ ሚስትየዋም ለእሱ ስትል ዋሽታ እንደ ኖረች ታምናለች። እርግጥ ነው፤ ፍላጎትን የሚያጠፋ ዕጢ በሕክምና የታወቀ ነው። ጥፋቱ ግን ዕጢውን መጠቀሱ ላይ አይደለም። ድራማው በስምንት ዘመን ሙሉ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን ያቀረበው በዚህ ክፍል ነው፤ አንደኛውን ሕመምተኛ፥ ሌላይቱን ውሸታም አድርጎ አሰናበታቸው። በቤቱ ተቀምጦ ያን የሚያይ እንዲህ ያለ ሰው ምን ተነገረው? ቃልህ አይታመንም፤ ተመርመር ነው የተባለው።

ሁለተኛው መንገድ መደምሰስ ነው። «አርቺ» በተሰኙት የአሜሪካ የሥዕል መጻሕፍት ውስጥ ጀግሄድ የተባለ፥ ከልጃገረድ ይልቅ ሀምበርገር የሚወድ ቀልደኛ ልጅ አለ። በ2016 መጽሐፉ ልጁ አሴክሹዋል መሆኑን በግልጽ አወጣው። በሚቀጥለው ዓመት ታሪኩ «ሪቨርዴል» በሚል ስም ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ግን ይኸው ልጅ ፍቅረኛ ተሰጠው፤ የመጽሐፉ ጠባዩ ድንበር ላይ ቀረ። ተመልካች ጥንድ ይወዳል የሚለው ስሌት አሸነፈ ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ ይሻላል። «ሴክስ ኤጁኬሽን» በተባለው የእንግሊዝ ድራማ በ2020 በታየው ሁለተኛ ምዕራፍ ፍሎረንስ የምትባል ተማሪ ስሜቱ እንደሌላት ለምክር ትመጣለች። ወጣቱ መካሪ ትክክለኛውን ሰው ስታገኚ ይመጣል ብሎ ይመልሳታል፤ የእኛው «ገና ነው» መሆኑን ልብ በሉ። እናቱ ግን በሙያዋ ዐዋቂ ናትና ለልጅቱ ስሙን ትነግራታለች፤ ጎዶሎ እንዳልሆነችም ታስረዳታለች። መልካም ትዕይንት ነው። ነገር ግን ታሪኩ ከዚያ ወዲያ የፍሎረንስን ኑሮ አይከተልም። ስሟን አወቅን፤ ኑሮዋን አላየንም።

ኑሮውን ያየንለት ሰው የተገኘው፥ የሚገርመው፥ ፈረስና ሰው አብረው በሚኖሩበት የካርቱን ድራማ ውስጥ ነው። ከ2014 እስከ 2020 በታየው «ቦጃክ ሆርስማን» ቶድ የሚባል፥ በሰው ቤት ሶፋ ላይ የሚያድር ዝርክርክ ወጣት አለ። በ2017 ምዕራፍ ምንነቱን ለጓደኛው አውጥቶ ይነግረዋል። ታሪኩ እዚያ አይቆምም። እንደ እሱ ካለች ወዳጅ ጋር ይገጥማል፤ ግን ይለያያሉ። ለምን? ከዚህ አንድ ነገር በቀር የሚያገናኛቸው ስላልነበረ። ይህ ለእኛ ትልቅ የደራሲ ብልኅነት ነው። ሁለት ሰዎች ወሲብን አለመፈለጋቸው ብቻ አያጋባቸውም፤ ሁለት ሰዎች ስደተኛ መሆናቸው ብቻ ወዳጅ እንደማያደርጋቸው ሁሉ። ኋላም ቶድ የምትስማማውን ያገኛል። እስከዚያው ሥራ ይጀምራል፥ ያከስራል፥ ያስቀናል። ምንነቱ ከጠባዩ አንዱ እንጂ ጠባዩ ሁሉ አልሆነም።

«ሃርትስቶፐር» በተባለው ሌላ የእንግሊዝ ድራማ ደግሞ በ2023 ምዕራፍ አይዛክ የሚባል መጽሐፍ ወዳድ ተማሪ አለ። ጓደኞቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ እሱ ብቻውን ይቀራል። የሚያሳዝነው ፍቅረኛ ማጣቱ አይደለም፤ ጓደኞቹ ፍቅረኛ ሲይዙ እሱን መርሳታቸው ነው። የፍቅር ድራማ ወዳጅነትን እንደ ማረፊያ ጣቢያ ይቆጥራል፤ ሙሽራው ሲመጣ ባልንጀራው ይሰናበታል። አይዛክ ባይኖር ይህን ግፍ አናየውም ነበር።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ መመዘኛ ማውጣት እንችላለን። ገጸ ባሕርይው መቅረቡ ብቻ አይበቃም፤ «አልፈልግም» ካለ በኋላ ድራማው ቃሉን አምኖ ኑሮ ይሰጠዋልን? ብለን እንጠይቅ።

አንዳንድ አንባብያን «ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይሉ ይሆናል። መልሱ በቋንቋችን ውስጥ አለ። ያላገባን ወንድ ወንደላጤ እንለዋለን፤ ያላገባችን ሴት ግን ቆሞ ቀር እንላታለን። አውቶቡስ ያመለጣት መንገደኛ እንጂ ወደዚያ መሄድ ያልፈለገች ሰው አድርገን አናያትም። በመጠለያ ደግሞ ነገሩ ከቃል ያልፋል። ብቻዋን ለምትኖር ሴት «ባል ያስፈልግሻል» የሚላት ብዙ ነው፤ ዘመድም፥ ሽማግሌም፥ ጎረቤትም። አይሆንም ስትል የሰማት ሁሉ ዐፋር ናት፥ ኩሩ ናት፥ ገና ናት ብሎ ይተረጉመዋል። ያ ትርጕም ከየት መጣ? ሁሉንም ከቴሌቪዥን አመጣነው አንልም። ነገር ግን ተመላልሶ እንቢታ ሲሸነፍ የሚያሳይ ድራማ ሁሉ ለጠያቂው «ግፋ፤ ትሸነፋለች» ብሎ ይመክረዋል። ለማያገባትም፥ የሚያገባ ሌላ ለመረጠችም፥ ጭራሽ ለማትሻም እንቢታ ዋጋ የሚኖረው በታመነ ጊዜ ነው።

ፍቅር ይቅር አላልንም፤ ሠርግ የሚወድ ይሠርግ፥ ድራማውም ይታይ። የምንጠይቀው በሚቀጥለው እትም ለመጻፍ ብዕር ያነሣችሁትን ነው። በታሪካችሁ ውስጥ ሳያገባ የሚኖር አንድ ሰው አግቡ፤ ልቡ አልተሰበረ፥ አልታመመ፥ ማንንም አይጠብቅ። ውኃ ይቅዳ፥ ልጆች ያስተምር፥ ከባልንጀራው ጋር ይጣላና ይታረቅ። ታሪኩ ሲያልቅም ሳትድሩት ተዉት።