ላም አለኝ በሰማይ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር ባመጠቀች ሰሞን፣ ካፌ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሰሞኑን ስለ አንድ ሽልማት ሳነብ ያ ሳቅ ትዝ አለኝ። አሜሪካ ውስጥ «ክዌስት» የሚባል፣ ሥራዬ ብሎ የጠፈር በረራን ታሪክ የያዘ መጽሔት አለ። ከእሱ ጋር የተያያዘው «የሳክኖፍ ሽልማት» ደግሞ በዚሁ ታሪክ ላይ የራሱን ምርምር ለሠራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሰጥ ነው። ገንዘቡ ጥቂት መቶ ዶላር ቢሆን ነው፤ ማንንም አያከብርም። እኔን ደስ ያሰኘኝ የሚሸለመው ልጅ ነው። ሮኬት የሠራ አይደለም እኮ! መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ የጠጣ ነው።

«ያለፈ ሮኬት ታሪክ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጠቀችውን የስፑትኒክን ዋና መሐንዲስ፣ ሰርጌይ ኮሮሊዮቭን፣ ዓለም በስሙ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ከሞተ በኋላ ነው። ሰውየው በስታሊን ዘመን ታስሮ ኮሊማ ድረስ የተጋዘ ነበር። አፖሎን ወደ ጨረቃ የወሰደውን ሮኬት ሥራ የመራው ቬርነር ፎን ብራውን ደግሞ ቀደም ሲል ለናዚ ጀርመን ቪ-2 የተባለውን ሮኬት ሠርቷል፤ ያ ሮኬት የተገጣጠመው በሚተልባው-ዶራ እስረኞች ጉልበት ነው። ሺዎች እዚያ አልቀዋል። ይሄን ሁሉ ሮኬቱ አይነግረንም። የነገሩን ሰነድ የገለጡና የተረፉትን የጠየቁ ሰዎች ናቸው።

ሽልማቱን ካመሰገንኩ ዘንድ ቅሬታዬንም ልናገር። መጽሔቱ በእንግሊዝኛ የሚታተም ነው። የዚህ ዓይነት ጥናት የሚከተለው ደግሞ ሰነድን ነው፤ ሰነድ ያለው ደግሞ ባመጠቀው መንግሥት እጅ ነው። ሳህን ያጠበው፣ አጥር የጠበቀው፣ ገመድ የጎተተው ሰው ፋይል ውስጥ የለም።

ይሄን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ የማሟያ ጽሑፉን አባቱ በሚያወሩት ላይ ልሥራ ብሎ መጣ። አባትየው በወጣትነታቸው አሥመራ፣ ቃኘው ጣቢያ የአሜሪካኖች ሰፈር፣ ወጥ ቤት ሠርተዋል። «ጨረቃን እየተከተለ ፊቱን የሚያዞር፣ ቤት የሚያክል ሳህን ነበር» ይላሉ አለኝ። እኔም «ይሄ ተረት ነው፤ ምንጭ የለውም» ብዬ መለስኩት። ልጁ ከሰው መጽሐፍ ለቃቅሞ ሌላ ነገር ጻፈ። ኤ ሰጠሁት።

ከዓመታት በኋላ ይፋ ስለሆኑ የአሜሪካ የስለላ ሰነዶች አነበብኩ። «ስቶንሃውስ» የሚባል ጣቢያ ከእ.ኤ.አ. 1965 እስከ 1975 አሥመራ ላይ ይሠራ ነበር። አንዱ 150 ጫማ፣ ሌላው 85 ጫማ ስፋት ያላቸው አንቴናዎች ነበሩት። ሥራቸው ሶቪየቶች ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የላኳቸውን መንኮራኩሮች ድምፅ መጥለፍ ነው። ለካስ ተረት ያልኩት እውነት ኖሯል! ምንጩም ወጥ ቤት የሠሩት አባት ነበሩ።

እንግዲህ የሳክኖፍን ዓይነት ሽልማት እኛም ዘንድ ብናቋቁም አንድ ነገር እለምናለሁ። የአዛውንት ቃል፣ በወጉ ተጠይቆና ተመዝግቦ ከቀረበ፣ እንደ ሰነድ ይቆጠር። ላሟ ሰማይ ላይ ብትሆንም እረኞቿ ምድር ላይ ናቸው፤ እያረጁም ነው። ያ ተማሪ ይሄን ካነበበ፣ አባቱም በሕይወት ካሉ፣ ቴፑን ይዞ ይሂድና ይጠይቃቸው። በዚያ ፈተና የወደቅሁት እኔ ነኝ።