ቻርጅ አልይዝ ያለ ካሜራ

አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስና ቂርቆስ አካባቢ ካሜራ ስሰቅልና ስጠግን የሚያጋጥመኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ ገመድ አልባ ካሜራ ቻርጅ አልይዝ አለ፤ አዲስ ልግዛ?» ለዚህ በስልክ መልስ አልሰጥም። ቻርጀሩን፣ ገመዱን፣ በተለይ ደግሞ ካሜራው የተሰቀለበትን ቦታ ሳላይ «ግዙ» ማለት የሰው ገንዘብ መበተን ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ወጥቷል። ዱሮ «ጣለውና ሌላ ግዛ» ለማለት የማያመነታ ሰው ዛሬ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ሥራዬን የምጀምረው ከገመዱ ነው። በቻርጀሩና በካሜራው መካከል ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ እሰካለሁ። ባትሪው ባዶ ሆኖ ካሜራው ጤነኛ ከሆነ ከግማሽ እስከ አንድ አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ሲስብ ይታያል። ቁጥሩ 0.1 ላይ ከቆመ መጀመሪያ ገመዱን እቀይራለሁ፤ ብዙ ካሜራ እዚህ ላይ «ይድናል»። ሰዎች ከሳሎን ሶኬት እስከ ጣሪያ ጠርዝ ቀጭን ረጅም ገመድ ይጎትታሉ። ከቻርጀሩ 5 ቮልት ሆኖ የወጣው ኃይል መንገድ ላይ ይደክምና ካሜራው ጋ ሲደርስ ባትሪ ለመሙላት አይበቃም።

ቀጥሎ የመሰኪያው ቀዳዳ ነው። የጎማ ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ክረምት ካለፈበት፣ በባትሪ መብራት ሲታይ የውስጡ ብረት አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በስፒርትና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጽድቼ፣ በደንብ ሳይደርቅ ኃይል አልሰጠውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚመጣው ኃይለኛ ቮልቴጅ የተቃጠለ ቻርጀርም ብዙ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉት እላለሁ።

ገመዱም ቀዳዳውም ደህና ከሆኑ ወደ ባትሪው እሄዳለሁ። በብዙዎቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው ሲሊንደር ቅርጽ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ያሳያል። ሞልቼ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ስለካው በግልጽ ወርዶ ካገኘሁት ዕድሜው አልቋል ማለት ነው። ይህን ዓይነት ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ከሞሉት በኋላ የሚይዘው መጠን ወደ 80 በመቶ ገደማ መውረዱ የተለመደ ነው። ባትሪው ብቻውን የሚወጣ ከሆነ እሱን መቀየር ይበቃል። ያበጠ ባትሪ ግን አይነካካም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም። ሪንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ወደ 350,000 የሚጠጉ የበር ካሜራዎቹን በተመለከተ የጥንቃቄ ጥሪ ያወጣው፣ ሰዎች ከተሰጣቸው ሌላ ብሎን ሲጠቀሙ ባትሪው ሊወጋና እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ነበር። እኔም ከካሜራው ጋር የመጣውን ብሎን በሌላ አልቀይርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ቶሎ የሚያልቅ ካሜራ አለ። ያኔ ችግሩ ቦታው ነው። ካሜራው ተኝቶ የሚቆየው የሰው ሙቀት ፊቱ ተንቀሳቅሶ እስኪያነቃው ድረስ ነው። ካርቶኑ ላይ «ስድስት ወር ይቆያል» የሚለው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚነቃ ካሜራ ነው። የመንደር በር ላይ የተሰቀለ ካሜራ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እግረኛ ሲያልፍ ሲነቃ ይውላል። ፊቱን ከመንገዱ ወደ በሩ ደፍ ማዘንበል፣ የሚከታተለውን ክልል ማጥበብ፣ ለእንቅስቃሴ ያለውን ንቃት መቀነስ አለብን። አዲስ ሞዴል ቢገዛም እዚያው ቦታ ላይ ያው ነው።

ዋይፋዩም ባትሪ ይበላል። ራውተሩ ጓዳ፣ ካሜራው ውጭ በር ላይ፣ መሃል ላይ የቆርቆሮ አጥር ካለ፣ ቆርቆሮው ሲግናሉን ስለሚያግደው ካሜራው ኃይሉን ሁሉ በመጣራት ይጨርሳል። መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ሲሞት ደግሞ አንዳንዱ ካሜራ ደጋግሞ ኔትወርክ እየፈለገ ባትሪውን ያደርቃል። ባለቤቱም ስልኩ ላይ ምንም አያይም። ለዚህ መድኃኒቱ መብራት ሲጠፋ ለራውተሩ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ ነው፤ ከአዲስ ካሜራ በጣም ይረክሳል።

አንዲት እናት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ጠሩኝ። «ልጄ ከአሜሪካ የላከልኝ ነው፤ ሶላሩም አብሮት ነበር፤ ግን ሠኔ ሲገባ ሞተ» አሉኝ። ሶላሩ እንደ መመሪያው ወደ ደቡብ ዞሮ፣ በጣም ቀና ብሎ ተሰቅሏል። መመሪያው የተጻፈው ከምድር ወገብ ርቀው በሰሜን ላሉ አገሮች ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በዚያ ላይ የክረምቱ ደመና አለ። ሶላሩን ከጣሪያው ጠርዝ ጥላ አውጥቼ፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ብቻ በጥቂቱ አጋድሜ አስተኛሁት። የግንባታ አቧራ ያስቀመጠበትን ሽፋንም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። «አንተ ልጅ፣ እንግዲህ ሌባ ሲመጣ ያየዋል?» ሲሉኝ፣ «እትዬ፣ መብራት ካለ አዎ፤ ከሌለ ራውተሩም ኃይል ያስፈልገዋል» አልኳቸው። ዩፒኤሱን በሚቀጥለው ወር ገዙ።

መቀየር የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ባትሪው የማይወጣ ሆኖ ካበጠ፣ የመሰኪያው ቀዳዳ ከቦርዱ ተነቅሎ ከተሰበረ፣ ወይም አምራቹ መተግበሪያውን ማደስ ካቆመ መጠገኑን አልመክርም። ግን «አዲሱን ሞዴል» ከማለታችን በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ቤቱ የራስዎ ነው? እዚሁ ይቆያሉ? የራሱ ግቢ ላለው ሰው የምመርጠው ምስልም ኃይልም በአንድ ገመድ የሚሄድበትን ካሜራ ነው፤ የቻርጅ ጭንቀቱ ያን ጊዜ ያበቃል። ተከራይ ከሆነ ግን ግድግዳ እየበሳ ገመድ መዘርጋቱ አይጠቅመውም። በ2017 ዓ.ም. በከተማዋ የኮሪደር ልማት ምክንያት ካዛንቺስ ውስጥ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች የሄዱት ሰዎች ባትሪ ያለውን ካሜራ ሁለት ብሎን ፈትተው ይዘውት ሄደዋል። የተቀበረ ገመድ የነበራቸው ትተውት ሄደዋል። ስለዚህ ነገ የት እንደሚኖር እርግጠኛ ያልሆነን ሰው ገመድ አልባውን እንዳይለቅ እመክረዋለሁ።

የሚገዛ ሰው ሱቅ ውስጥ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ባትሪው ወጥቶ ብቻውን ይገዛል ወይ? የመሰኪያው ቀዳዳ እንደ አሁኑ ስልኮች ዓይነት ሲ ነው ወይ? ደግሞም ሻጩ ካሜራውን ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ መብራት እንደጠፋ ያህል ራውተሩን ያጥፋው፤ ካሜራው ፊት እጃችሁን አንቀሳቅሱና ሚሞሪ ካርዱ ላይ መቅረጽ አለመቅረጹን እዚያው ቆማችሁ ተመልከቱ።